ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያደረበትን ሰው በምን እናውቃለን? እንዴትስ እንደግፋለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት አሁን፣ በዚህች ሰዓት ራሱን ይጎዳል ብለው የሚሰጉለት ሰው ስላለ ከሆነ ንባቡ ይቆይ። ሰውየውን ብቻውን አይተዉት፤ የሚያምኑት አንድ ሰው ጠርተው አብሮዎት እንዲሆን ያድርጉ፤ ከዚያም በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ ለአምቡላንስ 907 ወይም 939፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል። ሐሳቡ ያለው በራስዎ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የመጨረሻውን ጥያቄ ያንብቡ፤ የተጻፈው ለእርስዎ ነው።

«ምነው በሞትኩ» የማይል ማን አለ? የምሩን የሚናገረውን በምን ለይቼ አውቃለሁ?

በዕለት ተዕለት አማርኛችን ሞትን በየአጋጣሚው እንጠራለን። ስንወድ «ልሙትልህ»፣ ስንምል «እገሌ ይሙት»፣ ሰው እንዲጎርስልን ስንለምን «አፈር ስሆን»፣ ስናፍር «ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ» እንላለን። ጆሯችን ቃሉን ከመልመዱ የተነሣ አንድ ሰው ስለ ገዛ ሞቱ የምሩን ሲናገርም እንደ ተለመደ ምሬት ሰምተን እናልፈዋለን። በሥራዬ ያገኘኋቸው ብዙ ቤተሰቦች «አንድም ቀን አልነገረንም» ብለው ይጀምሩና፣ ትንሽ ቆይተው የተናገረውን ራሳቸው ቃል በቃል ይደግሙልኛል። ነግሯቸው ነበር፤ ቃሉ ግን ከሌላው ቀን ቃል ጋር ተመሳስሎባቸው አለፈ።

በልማድ የሚነገረው «ልሙት» ፍቅርን ወይም እውነትን ለማጽናት ለሰሚው የሚሰጥ ቃል ነው፤ ምሬት ቢሆንም እንኳ ምክንያቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። የሚያሰጋው ንግግር ይመላለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረውም ሰው በተሰበሰበበት በጩኸት ሳይሆን ለአንድ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ነው፤ ሞትንም ላይጠራ ይችላል። «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር»፣ «መኖር ታከተኝ»፣ «ከእንግዲህ ብዙም አላስቸግራችሁ»፣ «ልጆቼን አደራ» እንደሚሉት ያሉ ንግግሮች ከዚህ ይመደባሉ። በተለይ «አደራ» የሚለው ቃል የሚሄድበት መንገድም ሆነ የጠናበት ሕመም ከሌለው ሰው አፍ ሲወጣ፣ የያዝነውን ሥራ ትተን ልንጠይቅበት የሚገባ ቃል ነው። ከልቡ ይሁን አይሁን መለየት ካቃተዎት መገመቱን ይተዉና ይጠይቁት።

ከንግግሩ ሌላ ምን ይታያል?

ለውጥ ይታያል። ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ወይም ቀኑን ሙሉ ከአልጋ የማይነሣ፣ ምግብ የተወ፣ ፊቱን መታጠብና ልብሱን መቀየር የሰለቸው፣ ቡና ሲጠራ የማይመጣ፣ ከዕድርና ከማኅበር የቀረ፣ ስልኩን የማያነሣ፣ መጠጥ ወይም ጫት ያበዛ፣ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ወይም ለብቻው የሚያለቅስ ሰው ውስጡ እየተጨነቀ እንደሆነ ማሰብ ይገባል። እነዚህ ምልክቶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ማረጋገጫ አይሆኑም፤ ነገር ግን አዲስ ከሆኑ፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ከመጡ፣ ወይም ከሐዘን፣ ከፍቺ፣ ከሥራ መባረር፣ ከክስ ወይም ከውርደት በኋላ ከተከተሉ ዝም ሊባሉ አይገባም።

ከእነዚህ የሚከብዱ ሌሎች ምልክቶች አሉ። የስንብት መልክ ያላቸው ናቸው። ማንም እንዲነካበት የማይፈቅደውን የአባቱን ሰዓት ለታናሽ ወንድሙ «አንተ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎ የሚሰጥ፣ በሰፈሩ ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ያለውን ዕዳ በአንድ ቀን ከፍሎ ስሙን የሚያሰርዝ፣ ለዓመታት የተኳረፋቸውን ሰዎች በድንገት እየዞረ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ራሱን የሚጎዳበትን ነገር የሚፈልግ ወይም የሚያከማች ሰው ሊኖር ይችላል። ይቅርታ መጠየቅም ዕዳ መክፈልም መልካም ስለሆነ ማንም አይደነግጥበትም፤ ስለዚህም በቀላሉ ያመልጠናል። ሌላው የሚያታልለን ምልክት ድንገተኛ እርጋታ ነው። ለሳምንታት ሲጨነቅ የነበረ ሰው ያለ ምንም ሕክምና ባንድ ሌሊት ሰላም ያገኘ ሲመስል ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብሎ ጥንቃቄውን ያላላል። እርጋታው እውነተኛ መሻል ሊሆን ይችላል፤ ውሳኔ ላይ የመድረስ እርጋታም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያን ቀን ቀርቦ ማነጋገር ያስፈልጋል።

የበለጠ ሊታሰብለት የሚገባው ማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ይህ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ካለፉት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው ቀደም ሲል የተደረገ ሙከራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከባድ ድብርትና ሌሎች የአእምሮ ሕመሞች፣ የአልኮል ሱስ፣ ፋታ የማይሰጥ የሰውነት ሕመም፣ በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት፣ በጦርነት መፈናቀልና የቅርብ ሰው ማጣት ይመጣሉ። ያም ሆኖ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም፤ ብዙ ሰው ወደዚህ ሐሳብ የሚደርሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉ ነገር ሲዘጋበት ነው።

ከውጭ አገር የተመለሱ ወንድሞችና እህቶችን ለይቼ ማንሣት እወዳለሁ። ቤተሰብ ተበድሮ የላካት ልጅ ባዶ እጇን ስትመለስ ጎረቤቱ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል፤ ምን ደርሶባት እንደመጣች የሚጠይቃት ሰው ግን ትንሽ ነው። እርሷም «ሆድ ይፍጀው» ብላ ትቀመጣለች። በዓላትም እንዲሁ ይከብዳሉ። ራስን ማጥፋትን ለመከላከል በዓለም ዙሪያ የሚታሰበው ሴፕቴምበር 10 በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ላይ ይውላል፤ ብዙውን ጊዜ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። ሁሉም ወደ ቤቱ በሚገባበት በዚያ ምሽት የሚገባበት የሌለውን ሰው አስቦ መደወል ትልቅ ነገር ነው።

በግልጽ ብጠይቀው ሐሳቡን ራሴ አላስገባበትም?

አያስገቡበትም። ይህ ፍርሃት በጣም የተስፋፋና ብዙ ሰው የሚጎዳ ፍርሃት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ከ2,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ስለ ራስ ማጥፋት የተጠየቁትን ካልተጠየቁት ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ የተጠየቁት ጭንቀታቸውም ሆነ ሐሳባቸው አልባሰም። እንዲያውም ቀደም ሲል ሙከራ ያደረጉትና ድብርት የነበረባቸው ተማሪዎች ከመጠየቃቸው በኋላ ቀለል ብሏቸው ተገኝተዋል። ሐሳቡ ያለበት ሰው ለብቻው ሲታገለው የቆየውን ነገር ሌላ ሰው በስሙ ሲጠራለት ይተነፍሳል፤ ሐሳቡ የሌለበት ደግሞ «ኧረ እንደሱስ አላሰብኩም» ብሎ ይመልስና ያልፋል፣ ቢበዛ ይገረማል።

አጠያየቁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው በሌለበት፣ ስልክ በተዘጋበት፣ ጊዜ ባለዎት ሰዓት ይሁን። ፊት ለፊት መቀመጥ የሚከብደው ሰው ካለ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ይቀላል። በመጀመሪያ ያዩትን ይናገሩ፤ ጥያቄውን ከዚያ ያስከትሉ፦ «ሰሞኑን እንቅልፍ እንደራቀህ አይቻለሁ፤ ከሰውም ሸሽተሃል። ሰው እንዲህ ሲከብደው አንዳንዴ መሞትን ያስባል። አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» የሚጠየቀው ትልቅ ሰው ከሆነ ይሉኝታ ይይዘናል፤ ነገር ግን አክብሮትና ግልጽነት አብረው ይሄዳሉ። «ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከእትዬ ሞት ወዲህ በጣም እንደከበደዎት አያለሁ። ሕይወትዎን በገዛ እጅዎ ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ የጠየቀ ወጣት አልደፈረም።

«መቼም እንዲህ ያለ ነገር አታስብም፣ አይደል?» ተብሎ ግን አይጠየቅ። መልሱን አስቀድሞ ያዘዘ ጥያቄ ነው፤ ተጠያቂው የሚጠበቅበትን «የለም» ይሰጥና ንግግሩ በዚያው ይዘጋል።

«አዎ፣ አስቤያለሁ» ቢለኝስ?

መጀመሪያ ዝም ብለው ይስሙት። ከመደንገጣችን የተነሣ አፋችን ላይ የሚመጣው «አንተ ሰው፣ ለልጆችህ አታስብም?» ወይም «ኃጢአት መሆኑን ታውቃለህ?» ወይም «ከአንተ የባሰ ስንት አለ!» ነው። እነዚህን ሁሉ እርሱ ለራሱ መቶ ጊዜ ብሏቸዋል፤ ከእኛ ሲሰማቸው የሚጨምሩለት ኀፍረትን ብቻ ነው። «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ?» የሚለው ደግሞ በጣም መጥፎ ነው፤ ብዙ ወንዶች እስከዚያች ቀን ድረስ ዝም ያሉት በዚሁ ቃል ምክንያት ነውና። «ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። ከባድ ነገር ለብቻህ ተሸክመህ ኖረሃል። ከዚህ በኋላ ለብቻህ አይደለህም» ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ረጅም ምክር አያስፈልግም።

ሲረጋጋ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁት፤ እንዴት እንደሚያደርገው ወስኗል? መቼ እንደሆነስ አስቧል? የሚያደርግበትን ነገርስ አግኝቷል? ሐሳቡ «ምነው ባልነቃሁ» ከሚለው ምኞት አልፎ ለእነዚህ መልስ ያገኘ ከሆነ ሁኔታው እንደ ምጥ ወይም እንደ መኪና አደጋ አስቸኳይ ነው፤ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ይኬዳል፣ እስከዚያም ከአጠገቡ አይጠፋም። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፦ «እስከ ዛሬ ያቆየህ ምንድን ነው?» መልሱን እኛ አንስጠው። የእናቱን ስም ሊጠራ ይችላል፤ ያልጨረሰውን ትምህርት ወይም የሚጠብቀውን ውሻ ሊጠቅስ ይችላል። የጠቀሰው ነገር ለእኛ ትንሽ ቢመስለንም ለእርሱ የሚቆምበት መሬት ስለሆነ በልባችን እንያዘው።

«በማርያም፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ቢያስምለኝስ?

ከመማልዎ በፊት ከሆነ አይማሉ። «ነገሩን ለሰፈር አላወራም፤ ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ግን የሚረዳን አንድ ሰው መጥራቴ አይቀርም። ማን ቢሆን ትመርጣለህ?» ይበሉት። መራጩ እርሱ መሆኑ ክብሩን ይጠብቅለታል። አስቀድመው ምለው ከሆነ ደግሞ መሐላው ከሰው ነፍስ አይበልጥም፤ ዛሬ ቢቆጣ ነገ በሕይወት ኖሮ ይታረቅዎታል።

ከአጠገቡ ምን ማራቅ ይገባል?

ለብዙ ሰዎች የመጨረሻው ግፊት የሚቆየው ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ነው፤ ሐሳቡ ወራት ቢያስቆጥርም እንኳ ያች ክፉ ሰዓት ታልፋለች። በዚያች ሰዓት ጎጂው ነገር ከእጅ ከራቀ ሰውየው የመትረፍ ዕድል ያገኛል። «ቆርጦ ከተነሣ ሌላ መንገድ አያጣም» የሚለው አባባል በተግባር አልተረጋገጠም። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን ደረጃ በደረጃ በማገዷ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2015 ባሉት 20 ዓመታት ውስጥ ራስን የማጥፋት መጠኗ 70 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ የእርሻ ምርቷም በእገዳው ምክንያት አልወደቀም። ሙከራ አድርገው ከተረፉት ሰዎች መካከልም ከ10 ዘጠኙ በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም።

እንግዲህ በገጠር ያለ ቤተሰብ የእርሻ ኬሚካል ከቤት አውጥቶ ተቆልፎ በሚቀመጥበት በሌላ ሰው ዘንድ ያኑር፤ መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ ካለ ሌላ ሰው ይያዝለትና የዕለቱን ብቻ ይስጠው፤ የጦር መሣሪያ ያለው ቤት ለታመነ ዘመድ በአደራ ያስረክብ። ከተቻለ ይህ የሚደረገው ሰውየው እያወቀና እየተስማማ ነው፦ «ይህ ነገር ክፉው ጊዜ እስኪያልፍ አጎቴ ቤት ይቆይልን» ቢባል ብዙዎች እሺ ይላሉ፤ አንዳንዶች እፎይ ይላሉ።

ወደ የትኛው ሕክምና ልውሰደው?

በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምሩ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነው፤ ዛሬ ግን የአእምሮ ሕክምና በዘውዲቱ መታሰቢያና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች፣ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች፣ በሌሎችም የክልል ሆስፒታሎች ይሰጣል። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የመጀመሪያውን እርዳታ ሰጥተው ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይልካሉ። «አማኑኤል ሄደ» መባልን የሚፈራ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በዚህ ፍርሃት የባከነውን ጊዜ ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ባለሙያው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መጠጥ፣ ስላለፈ ሙከራና ስለ ቤት ሁኔታ ይጠይቃል፤ ሕመምተኛውን ለብቻው ማነጋገርም ሊፈልግ ስለሚችል ቅር አይበልዎት። የድብርት መድኃኒት ከታዘዘ ጥቅሙ የሚታወቀው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስሜቱ ሳይቀና ጉልበቱ ሊመለስ ስለሚችል፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ ክትትሉ በዚያን ጊዜ ይጥበቅ እንጂ አይላላ። አስታማሚው ከሚያደርጋቸው ነገሮች ሁሉ የሚጠቅመው የቀጠሮውን ቀን መያዝና ወረፋው ላይ አብሮ መቀመጥ ነው።

ጠበል ብንወስደውስ? የእምነት አባቶችስ ምን ድርሻ አላቸው?

ጠበልም፣ ጸሎትም፣ ዱዓም የብዙ ሰው መጽናኛ ነው፤ የሚጎዳው መድኃኒቱን አስጥሎ ወደ ጠበል መውሰድ፣ ማሰር ወይም ማስራብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን በተመለከተ ተመሳሳይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እርስ በርስ እንደማይጻረሩ በይፋ ተናግረዋል። ያ ቃል ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል። የንስሐ አባት ወይም ኢማም ሰው ለማንም የማይነግረውን የሚሰሙ ሰዎች ናቸው፤ ከተግሣጽ በፊት አድምጠው ወደ ሐኪም ቢልኩ፣ ከተቻለም አብረው ቢሄዱ፣ ማንም የማይተካው እርዳታ ነው።

ክፉው ሰዓት ተመልሶ ቢመጣ ምን አዘጋጅተን እንጠብቅ?

ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያዘጋጁት የደኅንነት ዕቅድ የሚባል አሠራር አለ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል። ሰውየው በተረጋጋ ጊዜ፣ በራሱ ቃል፣ ከሚያምነው ሰው ወይም ከባለሙያ ጋር ሆኖ ይጽፈዋል። ከደብተር ተገንጥሎ አራት የታጠፈ፣ በስልክ ሽፋን ውስጥ የሚቀመጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ማሰብ ይቻላል፦

«ሊመጣብኝ ሲል፦ እንቅልፍ አጣለሁ፣ የሰው ድምፅ ያስጠላኛል። ያን ጊዜ ለብቻዬ የማደርገው፦ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ እታጠባለሁ፣ እስከ አስፋልቱ ሄጄ እመለሳለሁ። ካልለቀቀኝ፦ ብርሃን ያለበት፣ ሰው ያለበት ቦታ እሄዳለሁ፤ እትዬ ሱቅ በር ላይ እቀመጣለሁ። የምደውለው፦ ለእህቴ፤ ካላነሣች ለጓደኛዬ። ምንም ሳላብራራ ‹ቀኑ ዛሬ ነው› እላለሁ፣ ይገባቸዋል። ካልሆነ፦ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል። ቤት ውስጥ የማይቀመጠው፦ ለአጎቴ የሰጠሁት። የምቆይበት፦ የትንሿ ልጄ ፊደል መቁጠር።»

የመጨረሻዋን መስመር ያለ እርሱ ማንም ሊጽፋት አይችልም።

ሙከራ አድርጎ ከሆስፒታል ለተመለሰ ሰው ምን እናድርግ?

እንደማንኛውም በሽተኛ ይጠየቅ። ወባ ታሞ ለተኛ ሰው ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን፤ ከዚህ ለተረፈው ግን ኀፍረት ይይዘንና በሩን አናንኳኳም፣ ወይም ሄደን «ምን ጎድሎህ ነው?» ብለን እንመረምረዋለን። ሁለቱም ይቅሩ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት ሳምንታት እጅግ አስጊ ናቸው። በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ሙከራ አድርገው በተረፉ 1,867 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ግማሾቹን አንድ ሰዓት ያህል አነጋግሮ በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል እንዲጠየቁ አደረገ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት ከተጠየቁት 0.2 በመቶ ሲሆኑ የተለመደው ሕክምና ብቻ ካገኙት 2.2 በመቶ ነበሩ። ዘጠኝ ጊዜ ሰው መጠየቅ ለእኛ አገር ጎረቤት አዲስ ትምህርት አይደለም፤ በስልክዎ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉና ይደውሉ፦ «እንዴት አደርክ፣ አስቤህ ነው።»

ልጄ ፈተና ወድቃ ክፍሏን ዘግታለች። ልስጋ?

ቀርበው ያነጋግሯት፤ ከላይ በተጻፈው መንገድም ይጠይቋት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ ብትሰማ ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች። ከሁሉ በፊት ግን ከእናትና ከአባቷ መስማት የሚያስፈልጋት «ውጤትሽ ምንም ይሁን ልጃችን ነሽ» የሚል ቃል ነው፤ ይህን እናውቃታለን፣ ታውቀናለች ብለን ሳንናገር እንቀራለን።

እህቴ ያለችው ዐረብ አገር ነው፤ በኢሞ ስትደውል «በቃኝ» ትላለች። ከሩቅ ሆኜ ምን ላድርግ?

ጥሪውን አይዝጉ፤ ከቻሉ ምስሉን ከፍተው ፊቷን ይዩ። የምትኖርበትን ከተማ፣ የሰፈሩንና የአሠሪዋን ስም በዚያው ይጻፉ፤ ጊዜው ሲከፋ ማንም ሊደርስላት የሚችለው በአድራሻ ነው። በአቅራቢያዋ ያለች ኢትዮጵያዊት ካለች ስልኳን ይቀበሉ፤ ለኤምባሲው ወይም ለቆንስላው ያስታውቁ። «ትንሽ ቻይው፣ ዕዳው እስኪያልቅ» ማለት ቢቀር ይሻላል፤ «ገንዘቡ ይቅር፣ አንቺ ነይልን» የሚል ቃል የብዙ ልጆችን ሸክም ያወርዳል። ሊባኖስ ውስጥ በ1564 የሚደወልበት የስሜት ድጋፍ መስመር አለ። አሜሪካ ያሉ በ988 ደውለው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ፤ እንግሊዝ ያሉ 116 123፣ እስራኤል ያሉ 1201 ይደውላሉ።

ሙከራ በሕግ ያስጠይቃል?

በኢትዮጵያ ሕግ ሙከራ ያደረገ ሰው አይከሰስም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋ ወይም የረዳ ሰው ነው። ስለዚህ ክስን ፈርቶ ከሕክምና መቅረት አይገባም።

በሰፈራችን አንድ ሰው በዚህ ምክንያት ቢሞት ለቅሶ ስንደርስ ምን እንበል?

እንደ ሌላው ለቅሶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይበቃል። እንዴት እንደሞተ መጠየቅ፣ የጥፋተኛ ስም መፈለግ፣ ዝርዝሩንና ፎቶውን በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ማሰራጨት ሐዘንተኛውን ያደማል፤ በዚያው ሐሳብ ላይ ያለ ሌላ ሰውንም ሊገፋ ይችላል። ድንኳኑ ከፈረሰና ዘመድ ከተበተነ በኋላ ተመልሶ መሄድና ሟቹን በስሙ እየጠሩ ስለ ሕይወቱ ማውራት ለቤተሰቡ ትልቅ መድኃኒት ነው። የሟች ቤተሰብ ራሱ የቅርብ ክትትል እንደሚያስፈልገው አይዘንጋ።

ሌላውን ስደግፍ እኔ ብደክምስ?

ይደክሙማል። ሥራውን ለሦስት ለአራት ሰው ያካፍሉ፤ አንዱ ሌሊቱን ቢያድር ሌላው ቀን ይዋል፣ ሌላው ቀጠሮውን ይያዝ። የሚችሉትን ሁሉ አድርገው እንኳ ውጤቱ በእጅዎ ላይሆን እንደሚችል ከአሁኑ ይወቁት፤ ይህን ለራስዎ ደጋግመው ይንገሩት።

ሐሳቡ ያለው በእኔ ውስጥ ከሆነስ?

እንኳን እስከዚህ አነበቡ። አሁን የሚሰማዎት ነገር ከእርስዎ ድካም ወይም ክፋት የመጣ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች እዚሁ ቦታ ደርሰው አልፈውታል፣ ዛሬም ቡናቸውን ይጠጣሉ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ለዛሬ የሚጠበቅብዎት ትንሽ ነገር ነው። ሊጎዱበት ከሚችሉት ነገር ይራቁ፤ ሰው ወዳለበት ክፍል ይሂዱ፤ ለአንድ ሰው ይንገሩ። ቃሉ ካልመጣልዎት ይህን በመልእክት ይላኩ፦ «ራሴን እንዳላጠፋ እፈራለሁ። ናልኝ።» ያ ሰው ስልኩን ካላነሣ ወይም መልሱ ካላጽናናዎት፣ ሁለተኛውን ሰው ይሞክሩ፤ መጀመሪያ የተነገረው ሰው ተደናግጦ የማይረባ ነገር ሊናገር ይችላል፣ ይህም ሰው ሁሉ ጠላኝ ማለት አይደለም። ሰው ከጠፋ ወደ ማንኛውም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱና መዝገብ ክፍሉ ላይ ወይም በር ላይ ላገኙት ነርስ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ይንገሯት።